በማኅፀን ውስጥ የሚሞቱት የነርቭ ሴሎች

አዲስ የተወለደ ሕፃን እጅ ይዞ ጣቶቹን አንድ፣ ሁለት እያለ ያልቆጠረ ወላጅ ማግኘት ያስቸግራል። አምስቱም ተለያይተው፣ ጥፍራቸው ሳይቀር ተሟልቶ ሲታዩ ከመጀመሪያው እንዲሁ ተለያይተው የበቀሉ ይመስላሉ። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ጽንሱ በሁለተኛ ወሩ ውስጥ ሳለ እጁ እንደ ዳክዬ እግር የተያያዘ፣ መቅዘፊያ የሚመስል ትንሽ ነገር ነበር። ጣቶቹ የተለያዩት በመካከላቸው የነበሩት ሴሎች ጊዜያቸው ሲደርስ ስለሞቱ ነው። ዳክዬ ላይ እነዚያ ሴሎች በአብዛኛው ስለማይሞቱ እግሯ እንደተያያዘ ይቀራል፤ ለዋና ይጠቅማታል። በሰውም ላይ አልፎ አልፎ ይህ ሥራ ሳይጠናቀቅ ቀርቶ ሁለት ጣቶቻቸው የተጣበቁ ሕፃናት ይወለዳሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ጣትን የሚያህል በዓይን የሚታይ ነገር በሴሎች ሞት የሚቀረጽ ከሆነ፣ በዓይን በማይታየው በአንጎልና በኅብለ ሠረሠር ውስጥ የሚሆነው ከዚህም የሰፋ ነው። በብዙ የነርቭ ክፍሎች ውስጥ መጀመሪያ ከሚፈጠሩት ሴሎች መካከል ግማሽ የሚጠጉት፣ በአንዳንዱም ከዚያ የሚበልጡት፣ ሥራ ሳይጀምሩ ይሞታሉ። "በእርግዝና ጊዜ የጽንሱ የአንጎል ሴሎች ይሞታሉ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ብቻውን የሰማች ነፍሰ ጡር ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ስለዚህ የግንባታው አካል የሆነውን ሞት ከውጭ ከሚመጣው ጉዳት ለይቶ ማወቁ ለማንኛውም ቤተሰብ የሚጠቅም ስለመሰለን፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ለማየት ወደድን።

አልተሠሩም ወይስ ተሠርተው ሞቱ?

ታሪኩ የሚጀምረው ከዶሮ እንቁላል ነው። ጫጩት ከእንቁላሏ ለመውጣት 21 ቀን ይፈጅባታል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ የእንቁላሉን ቅርፊት በጥንቃቄ ከፍቶ ትንሽ መስኮት ማበጀት፣ ውስጥ ያለውን ጽንስ ማየትና በላዩም ላይ መሥራት ይቻላል። የሰው ጽንስ ለዓይን በተሰወረበት በዚያ ዘመን ለተመራማሪዎች ከእንቁላል የተሻለ ነገር አልነበረም።

ቪክቶር ሀምበርገር የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1932 ለአጭር ጊዜ ጥናት ወደ አሜሪካ እንደሄደ በአገሩ ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። የአይሁድ ትውልድ ስለነበረው በ1933 ከሥራው ተሰናበተና በዚያው ቀረ። በ1934 ባሳተመው ጥናት ከጫጩት ጽንስ ላይ ክንፍ የሚሆነውን እምቡጥ ገና በጠዋቱ ቆርጦ ሲያነሳ ምን እንደሚሆን አሳየ። ክንፍ ባጣው ጎን በኩል ያሉት የነርቭ ሴሎች ከሌላው ጎን እጅግ አንሰው ተገኙ። ሀምበርገር ነገሩን ሲያስረዳ፣ ክንፉ ለነርቮቹ "ተፈጠሩ" የሚል መልእክት ይልካል፤ ክንፉ ሲጠፋ መልእክቱም ስለሚጠፋ ሴሎቹ ሳይሠሩ ይቀራሉ አለ። ለጊዜው አሳማኝ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጣሊያን ውስጥ ቱሪን በምትባል ከተማ በምትኖር አንዲት ወጣት ሐኪም እጅ ገባ። ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ትባላለች፤ የተወለደችው በ1909 ነው። እርሷም አይሁዳዊት ስለነበረች በ1938 የወጣው የሙሶሊኒ መንግሥት የዘር ሕግ ከዩኒቨርሲቲ አስወጣት። ሕክምናም ሆነ ምርምር ሲከለከል ምን ታድርግ? በመኝታ ክፍሏ ውስጥ ማይክሮስኮፕና የእንቁላል ማሞቂያ አስገብታ ቤተ ሙከራ አቋቋመች። የልብስ መስፊያ መርፌ እየሳለች ለቀዶ ጥገና መሣሪያ አደረገችው። ቱሪን በአውሮፕላን ስትደበደብ ቤተሰቡ ወደ ገጠር ሸሸ፤ እርሷም ከቤተ ሙከራዋ ጋር አብራ ሸሸች። በጦርነቱ ወቅት እንቁላል እንደ ልብ ስለማይገኝ ከገበሬ ቤት ገበሬ ቤት እየዞረች "ለልጆቼ" እያለች ትለምን ነበር። ልጅ አልነበራትም። ጽንሱን ለጥናት ከወሰደች በኋላ የቀረው እንቁላል ለቤተሰቡ ምግብ ይሆን ነበር። የወንድሟ ነገር ያስቃል፤ የሚወደው የእንቁላል ጥብስ ከየት እንደሚመጣ ካየ በኋላ መብላቱን ተወ ይባላል።

ሪታ የሀምበርገርን ሙከራ ደግማ ሠራችው። የተለየ ያደረገችው ነገር በየጊዜው ማየቷ ነው። ሀምበርገር የተመለከተው መጨረሻ ላይ የቀረውን ሲሆን፣ እርሷ ግን ጽንሶቹን በየዕለቱ እየወሰደች ሴሎቹን ቆጠረች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክንፍ ባጣውም ጎን ሴሎቹ ይፈጠራሉ፤ ቅርንጫፋቸውንም ወደ ጠፋው ክንፍ ይዘረጋሉ። የሚያገኙት ነገር ሲያጡ ግን ይሞታሉ። ስለዚህ ነገሩ አለመሠራት አልነበረም፤ ተሠርቶ መሞት ነበር። ይህን ያለችው የምርምር ዓለሙ በር ሁሉ የተዘጋባት ሴት መሆኗ፣ ያውም ያንን በጊዜው ታላቅ የነበረ ሰው ተቃውማ መሆኗ ያስደንቀናል። የሀምበርገርም ጠባይ ቢሆን ሳይመሰገን መታለፍ የለበትም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ጽሑፏን አንብቦ ሊከራከራት ሳይሆን አብራው እንድትሠራ ጋበዛት። በ1947 ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ለጥቂት ወራት ብላ ሄደች፤ የቆየችው 30 ዓመት ያህል ነው።

እዚያም አንድ ቀን በማይክሮስኮፕ ስትመለከት ምንም ባልተነካ፣ ጤነኛ በሆነ የጫጩት ጽንስ ውስጥ ብዙ የነርቭ ሴሎች ሲሞቱ፣ ሬሳቸውንም ሌሎች ሴሎች ሲያነሱ አየች። የጦር ሜዳ መሰላት። ሁለቱ በ1949 ባወጡት ጽሑፍ ሞቱ የሚበዛው ክንፍና እግር በማይደርሳቸው የአንገትና የደረት ክፍሎች መሆኑን አስረዱ። ክንፍና እግር ላይ የሚደርሱት ነርቮች የሚያስተዳድሩት ብዙ አካል ስላላቸው ብዙዎቹ ይተርፋሉ፤ በደረት ያሉት ግን የሚያስተዳድሩት ጥቂት ስለሆነ ጥቂቶቹ ብቻ ይቀራሉ። ሴሎች የሚሞቱት መቀስ ሲነካቸው ብቻ እንዳልሆነ፣ ሞቱ በጤነኛውም አካል ውስጥ ያለ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

የገበሬው ዘዴ

በቆሎ የሚዘራ ገበሬ በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ፍሬ ይጥላል። ሁሉም ይበቅላል ብሎ አይደለም፤ ቢበቅልም ያሳሳዋል። የነርቭ አሠራርም ይህን ይመስላል። አካል ለእያንዳንዱ ጡንቻ ስንት ነርቭ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ከመቁጠር ይልቅ ከሚፈለገው በላይ ያፈራና ቦታ ያገኘውን ያስቀራል። ምሳሌያችን አንድ ቦታ ላይ ግን ይከሽፋል። በነርቭ ውስጥ የሚነቅል ገበሬ የለም። ውሃ ያላገኘው ችግኝ ራሱ እንደሚደርቅ ሁሉ፣ መድረሻ ያላገኘው ነርቭ ራሱን ያጠፋል።

ውሃው ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ የተፈታው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ከአይጥ የተወሰደ አንድ የካንሰር ዕጢ ጫጩት ጽንስ ላይ ሲተከል ነርቮች ወደ እርሱ በብዛት ያድጉ ነበር። ሪታ በ1952 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ሄዳ የነርቭ ቋጠሮ በብርጭቆ ውስጥ ከዕጢው አጠገብ ብታስቀምጥ ከነርቮቹ እንደ ፀሐይ ጨረር ዙሪያውን ቅርንጫፍ ሲወጣ አየች። ስለዚህ ዕጢው የሚያመነጨው አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በ1953 ስታንሊ ኮኸን የተባለ የኬሚስትሪ ባለሙያ ከእርሷ ጋር ሆኖ ይህን ነገር ለይቶ ለማውጣት ተነሳ። ፍለጋቸው ከእባብ መርዝ አድርሷቸው በመጨረሻ የወንድ አይጥ የምራቅ ዕጢ ውስጥ በብዛት አገኙት። "የነርቭ ማሳደጊያ ፋክተር" ተባለ። ጡንቻና ቆዳን የመሳሰሉ አካላት እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖችን በመጠኑ ያመነጫሉ፤ ቅርንጫፉ ከዚያ የደረሰ ነርቭ ይጠጣና ይኖራል፤ ሌላው ይሞታል። ሪታና ስታንሊ ኮኸን በ1986 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ሀምበርገር አልተካተተም፤ ይህም ብዙ አነጋግሯል፤ እኛም ቢካተት ደስ ይለን ነበር። እርሱ በ2001 በ100 ዓመቱ፣ እርሷ በ2012 በ103 ዓመቷ አርፈዋል።

ሀምበርገር በእርጅናው ጊዜም እንቁላሉን አልተወም። በ1976 ከማርጋሬት ሆሊዴይ ጋር በጫጩት ጽንስ ላይ ተጨማሪ እግር ተክሎ፣ በተለመደው ጊዜ ሊሞቱ የሚገባቸው ነርቮች ብዙዎቹ ሲተርፉ አሳየ። መሥሪያ ቦታ ሲጨመር ሠራተኛ ተረፈ ማለት ነው።

ንጹሕ ሞት

ሴል የሚሞተው በሁለት ዓይነት መንገድ እንደሆነ በቀላሉ መናገር ይቻላል። እጃችን በእሳት ቢቃጠል ሴሎቹ ያብጡና ይፈነዳሉ፤ በውስጣቸው ያለው ይፈስሳል፤ አካባቢው ይቀላል፤ ያብጣል። በጽንስ ውስጥ ያለው ሞት ግን ጸጥ ያለ ነው። ሴሉ ይጨማደዳል፤ የራሱን የዘር ሰንሰለት በራሱ ኤንዛይሞች ይቆራርጣል፤ ከዚያም ወደ ትናንሽ እሽጎች ይከፋፈላል። እሽጎቹን በአንጎል ውስጥ ማይክሮግሊያ የተባሉት ጠራጊ ሴሎች ይውጧቸዋል። እብጠት የለም፤ ጠባሳም አይቀርም። ለዚህ ሞት በ1972 ሦስት ተመራማሪዎች ኬር፣ ዋይሊና ከሪ "አፖፕቶሲስ" የሚል ስም አወጡለት። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ቅጠል ከዛፍ ላይ መርገፉን ያመለክታል።

ይህ ሞት በሴሉ ውስጥ አስቀድሞ የተጻፈ መሆኑ የተረጋገጠው ደግሞ 1 ሚሊሜትር ብቻ በምትረዝም ትል ላይ ነው። ይህች ትል ስታድግ ከመራቢያ ሴሎቿ ሌላ 1090 ሴሎች ይፈጠሩላታል። ከእነዚህ 131 ይሞታሉ፤ ሁልጊዜ እነዚያው፣ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት። ከሚሞቱት አብዛኞቹ የነርቭ ሴሎች ናቸው። ሮበርት ሆርቪትስ ሞቱን የሚያዝዙትን ዘሮች ለይቶ አገኘ፤ ከእነርሱ አንዱ ሲበላሽ ሴሎቹ ሳይሞቱ ይቀራሉ። በኋላም የእነዚህ ዘሮች ዘመዶች በሰው ውስጥ ተገኙ። ሆርቪትስ፣ ሲድኒ ብሬነርና ጆን ሰልስተን በ2002 ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለቤተሰብ የሚሆነው ቁም ነገር አንድ ነው። ወጣት የነርቭ ሴል በነባሩ ለመሞት የተዘጋጀ ነው፤ የሚያኖረው ከሌላው ጋር መገናኘቱ ነው። መልእክት ሲደርሰው ይኖራል፤ ዝም ሲባል ይሞታል። እንግዲያው ግንኙነቱን ያለጊዜው ጸጥ የሚያሰኝ ነገር ከውጭ ቢገባስ?

ጸጥ የሚያሰኙ ነገሮች

በ2000 ሴንት ሉዊስ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጆን ኦልኒ ቡድን፣ ያም ማለት ሀምበርገርና ሪታ በሠሩበት በዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ ለሕፃናት አይጦች አልኮል ሰጥቶ አንጎላቸውን መረመረ። ሊሞቱ የማይገባቸው ሴሎች በሰፊው ራሳቸውን አጥፍተው ተገኙ። አልኮል የነርቮችን ንግግር ያደበዝዛል። አዋቂ ሰው ላይ ይህ ስካር ነው፤ ገና ግንኙነት በመፍጠር ላይ ላለ ሴል ግን "የሚፈልግህ የለም" እንደማለት ነው። በአይጥ ላይ ይህ ጊዜ ከተወለደች በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ሲሆኑ፣ በሰው ላይ ከእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ጀምሮ ከወሊድ በኋላ ያሉትን ዓመታት ይጨምራል። በእርግዝና የሚጠጣ አልኮል የልጅን አእምሮና አካል እንደሚጎዳ ከዚህ በፊትም ይታወቅ ነበር፤ ይህ ጥናት ከጉዳቱ መንገዶች አንዱን አሳየ። ለአብዛኛው አንባቢያችን አስካሪ መጠጥ በሃይማኖቱ የተከለከለ ስለሆነ ብዙ ማለት አያስፈልገንም። ሆኖም የጎረቤት ወዳጅ ነፍሰ ጡር "ጥቂት ጠላ ምን ታደርጋለች" ስትል የሰማች እህት፣ ለጽንስ አይጎዳም ተብሎ የተረጋገጠ መጠን እንደሌለ ብትነግራት ውለታ ነው።

የሚከብደው ጉዳይ መድኃኒት ነው። በ2002 የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ በ2003 ደግሞ የማደንዘዣ መድኃኒቶች በሕፃናት አይጦች አንጎል ውስጥ ያንኑ ዓይነት ሞት እንደሚያስከትሉ ታየ። ከመጀመሪያዎቹ መካከል በአገራችን በሰፊው የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ይገኝበታል። እዚህ ላይ እህቶቻችን እንዲያስተውሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። የሚጥል በሽታ ያለባት ነፍሰ ጡር ይህን አንብባ መድኃኒቷን በራሷ ብታቋርጥ፣ የሚመጣው መውደቅና መንፈራገጥ ለራሷም ለጽንሱም ከመድኃኒቱ የባሰ አደጋ ሊሆን ይችላል። ማድረግ ያለባት ከተቻለ ከማርገዟ በፊት፣ ካልሆነም እንዳወቀች ለሐኪሟ መንገር ነው። በተለይ ሶዲየም ቫልፕሮኤት የምትወስድ ሴት ይህን ማዘግየት የለባትም፤ ይህ መድኃኒት የጽንሱን አከርካሪ ክፍት ሊያስቀር እንደሚችል፣ የልጁንም የማሰብ ችሎታ ሊቀንስ እንደሚችል በሰው ላይ በተደረጉ ጥናቶች ተረጋግጧል። የሚተካ መድኃኒት መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ስለ ማደንዘዣ የሚያስጨንቃቸው ወላጆችም አሉ። የሕፃን ልጃቸው ከንፈር መሰንጠቅ ወይም የብሽሽት ቡአ ቀዶ ጥገና ሲቀጠር "አንጎሉን ይጎዳብን ይሆን?" ይላሉ። ይህን ለመመለስ በ7 አገሮች ውስጥ ባሉ 28 ሆስፒታሎች የቡአ ቀዶ ጥገና ያስፈለጋቸው 722 ጨቅላዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ሙሉ ማደንዘዣ፣ ግማሾቹ ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌ ተሰጣቸው። ልጆቹ 2 ዓመት ሲሞላቸው፣ በኋላም 5 ዓመት ሲሞላቸው ተፈተኑ፤ በ2019 የወጣው የመጨረሻው ውጤት በሁለቱ ወገኖች መካከል በአእምሮ ችሎታ ልዩነት አላገኘም። የማደንዘዣው ጊዜ ግን ከአንድ ሰዓት ብዙም የማያልፍ፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2016 ያወጣው ማስጠንቀቂያ የሚመለከተው ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆችና በእርግዝናቸው የመጨረሻ ሦስት ወራት ላሉ እናቶች ከ3 ሰዓት በላይ የሚቆይ ወይም የሚደጋገም ማደንዘዣን ነው። ስለዚህ ወላጅ "ሊዘገይ የሚችል ነው ወይስ አይደለም?" ብሎ ሐኪሙን መጠየቁ ተገቢ ነው፤ አስፈላጊ የሆነውን ቀዶ ጥገና ፈርቶ መሰረዝ ግን ልጁን መጉዳት ነው።

የወሊድ ሰዓት

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ በአገራችን ምጥ ረዝሞ ወይም እትብት ተጠምጥሞ አየር ያጠረው ሕፃን ብዙ ነው። አየር ሲያጥረው ጥቂት የአንጎል ሴሎች ወዲያው ይሞታሉ። ሌሎቹ ግን ትንፋሹ ከተመለሰ በኋላ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ቆይተው፣ ከላይ እንዳየነው ራሳቸውን ማጥፋት ይጀምራሉ። በዚህ መሐል ያለው ጊዜ ለሐኪሞች ተስፋ ሰጠ። ሕፃኑን በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ ጀምሮ ለ72 ሰዓት ሙቀቱን ወደ 33 ወይም 34 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ሞቱን እንደሚገታ በሀብታም አገሮች ተረጋገጠ።

ይሁንና በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ ሆስፒታሎች 408 ሕፃናት ላይ ተሞክሮ በ2021 የወጣው ውጤት የተጠበቀውን አልሆነም። ማቀዝቀዙ አካል ጉዳትንና ሞትን አንድ ላይ ሲቆጠሩ አልቀነሰም፤ የቀዘቀዙት ሕፃናት እንዲያውም ይበልጥ ሞቱ። በአንድ አገር የጠቀመ ሕክምና በሌላው ሊጎዳ መቻሉን ያዩ ባለሙያዎች እንደኛ ባሉ አገሮች በጥድፊያ እንዳይጀመር መክረዋል። ይህን የምንጽፈው በምክንያት ነው። ቤት ውስጥ ተወልዶ ያላለቀሰን ሕፃን ቀዝቃዛ ውሃ መርጨት ከዚህ የሆስፒታል ሕክምና ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ሕፃኑንም ይጎዳዋል። እንዲህ ያለው ሕፃን የሚያስፈልገው ወዲያው መድረቅ፣ በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ መሞቅ፣ ጀርባውን መታሸት ነው፤ ካልተነፈሰም በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ በአፍና በአፍንጫው ላይ በሚደፋ ጭምብልና በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር ሊሰጠው ይገባል። ይህ መሣሪያና ይህን የሠለጠነች አዋላጅ የሚገኙት በጤና ጣቢያ ስለሆነ፣ ስምንተኛ ወሯ የገባች እህት ያለችበት ቤተሰብ የትኛው ጤና ጣቢያ ሌሊትም እንደሚሠራና መኪና ከማን እንደሚገኝ ከአሁኑ ጠይቆ ቢያውቅ ይሻላል።